ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ የትኛው እንስሳ ይቅደም?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለ ዝርያ መጥፋት ባስተማርኩበት ዕለት አንድ ተማሪ ተነሥቶ ‹ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ከዋልያ፣ ከቀይ ቀበሮና ስሟን እንኳ ከማናውቃት ከዚያች የሊበን ወፍ የትኛውን እናድን?› ሲል ጠየቀኝ። ሌላው ደግሞ ‹ዝርያ ድሮም ይጠፋ ነበር፤ ዳይኖሰርም ጠፍቷል፤ ለምን አንተወውም?› አለ። ሁለቱንም በሚገባ መመለስ አልቻልኩም። ባለሙያዎች የሚመርጡት በምን መለኪያ ነው?»

ምላሽ፦ የተከበሩ መምህር፣ የሁለተኛው ተማሪዎ ጥያቄ አጠር ያለ መልስ ስለሚበቃው በእርሱ ልጀምር። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ዝርያ ከጥንትም ይጠፋ እንደነበር እውነት ነው፤ በምድር ላይ ከኖሩት ዝርያዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም። ልዩነቱ በፍጥነቱና በምክንያቱ ላይ ነው። ቅሪተ አካልን መርምረው ስሌት የሚሠሩ ሊቃውንት፣ የሰው እጅ ባልገባበት ዘመን የነበረውን የመጥፋት ፍጥነት ከዛሬው ጋር ሲያስተያዩ፣ የዛሬው ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ እንደሚበልጥ ይገምታሉ። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከሰማይ ወርዶ የዳይኖሰሮችን ዘመን የዘጋውን ዐለት ማንም ሊያስቆመው አይችልም ነበር። ዛሬ ዝርያዎችን የሚያጠፉት ማረሻ፣ ልቅ ግጦሽ፣ ጠመንጃ፣ ከቤት እንስሳ የሚሻገር በሽታና የአየር ንብረት ለውጥ ግን ከሞላ ጎደል ከእኛው የሚመነጩ ናቸው።

ለዚያ ተማሪ አንድ ነገር ቢጨምሩለት ደስ ይለኛል። የሰው ልጅ ዐውቆና አቅዶ ከተፈጥሮ ያጠፋቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ አንደኛው በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ በ1976 ታይቶ በ1980 ከዓለም መጥፋቱ የታወጀለት የፈንጣጣ ቫይረስ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2011 መጥፋቱ የታወጀለት የከብት ደስታ በሽታ ቫይረስ ነው። ይህ ሁለተኛው በክፉ ቀን ዘመን ከብታችንን ፈጅቶ ሕዝባችንን ለረኃብ የዳረገ፣ ከከብቱም ጋር ጎሹንና ቆርኬውን ያረገፈ ነው። ለሁለቱ ቫይረሶች ማንም አላዘነም፣ እኔም አላዝንም። እነሱን ለማጥፋት ግን በርካታ አገሮች ለአሥርተ ዓመታት ሠርተዋል፣ ከፍለዋል፣ ተመካክረዋል። የሊበን ወፍ ብትጠፋ ማንም ሳይመክርበትና ሳይወስንበት፣ የሌላ ሥራ ትርፍራፊ ሆኖ ነው የምትጠፋው።

የመጀመሪያው ተማሪ ጥያቄ ከበድ ይላል፤ አጠያየቁ ራሱ ወደ ተሳሳተ መንገድ ይወስዳልና። «የትኛውን እንስሳ» ስንል፣ ሦስቱ እንስሳት በአንድ ሐኪም ደጃፍ ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁ አድርገን እናስባቸዋለን። በሥራው ላይ ለቆየ ሰው ግን ገንዘብ ለእንስሳ እንደማይከፈል ግልጽ ነው። ገንዘብ የሚከፈለው ለክትባት፣ ለጥበቃ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ለቁጥቋጦ ምንጠራ፣ ከአርብቶ አደሮች ጋር ለሚደረግ ረጅም ስብሰባ ነው። ስለዚህ የሚመረጠው ሥራው ነው፤ የሚያጠፋው ምክንያት ይታወቃል ወይ፣ ያንን ምክንያት ማስቆም ይቻላል ወይ፣ ከማን ጋር፣ በስንት ገንዘብ፣ እኛ ባንሠራው ሌላ የሚሠራው አለ ወይ፣ የሚሉት ጥያቄዎች ሲመለሱ የእንስሳቱ ቅደም ተከተል በአብዛኛው ራሱ ይወጣል።

ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልሱ «ቀይ መዝገብ» ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ1964 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ይህ መዝገብ እስካሁን ከ160,000 በላይ ዝርያዎችን መርምሮ ከ45,000 በላይ የሚሆኑትን የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ተርታ አስቀምጧል። ደረጃ የሚሰጠውም በቁጥር ነው፤ ለምሳሌ በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ውስጥ፣ ከሁለቱ በረዘመው፣ ቁጥሩ በ80 በመቶ የቀነሰ፣ ወይም ለመራባት የደረሱት ከ50 ያነሱ ዝርያ እጅግ አደገኛ በሆነው እርከን ላይ ይቀመጣል። ሥራው ትልቅና ጠቃሚ ነው። የሚነግረን ግን ትኩሳቱ ስንት እንደደረሰ ነው እንጂ መድኃኒቱ ምን እንደሆነ፣ ዋጋውም ስንት እንደሆነ አይደለም። እጅግ የተመናመነውን ሁልጊዜ ማስቀደም ማለት፣ ሊድኑ የሚችሉትን ችላ ብሎ እነሱም በተራቸው እስኪመናመኑ መጠበቅ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ሦስቱ እንስሳት ልግባ፤ ከቀይ ቀበሮ እጀምራለሁ።

ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ፣ የዘረ መል ምርመራው እንደሚያሳየው ቅርብ ዘመዱ ተኩላ ነው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኝም፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ፣ ከጠቅላላው ከግማሽ በላዩ በባሌ ተራሮች ይኖራል። የቀሩት በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በወሎ ደጋዎች፣ እርሻ እንደ ባሕር በከበባቸው ከፍታዎች ላይ ተነጣጥለው ይኖራሉ። ከጮቄ ተራራ ጠፍቷል።

ነገሩን ከሩቅ የሚያየው ሰው ዋናው ጠላት አዳኝ ይመስለዋል፤ ጠመንጃ የታጠቀ ጠባቂ ቢበዛ መፍትሔ የሚሆንም ይመስለዋል። ቀይ ቀበሮን በአንድ ወቅት በጅምላ የሚፈጀው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በባሌ በ1991 እና 1992፣ ከዚያም በ2003 እና 2004፣ ደግሞም በ2008 እና 2009፣ በኋላም በ2014 ተነሥቷል። በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በጥቂት ወራት ውስጥ አልቀዋል። በ2010 ደግሞ ሌላው የውሻ በሽታ፣ ዲስቴምፐር፣ መጣ። ቀይ ቀበሮ ሲያድን ለብቻው ቢሆንም፣ የሚኖረው በቤተሰብ ነው፤ ጠዋትና ማታ ተገናኝቶ ይላላሳል፣ ይሻሻል። አንዱ የያዘውን በሽታ ሁሉም ይጋራዋል ማለት ነው።

በሽታው የሚመጣው ከእረኛው ውሻ ነው። እረኛውን «ውሻህን ተው» ማለት ደግሞ አይቻልም፤ ውሻው በጎችን ከጅብና ከነብር የሚጠብቅለት፣ ሌሊት የሚቀሰቅሰው ዘበኛው ነው። የእብድ ውሻ በሽታን በውሾች መካከል ለማቋረጥ ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ መከተብ እንዳለባቸው ይታወቃል። ውሻ ግን ቶሎ ይወልዳል፣ ቶሎም ይሞታል፤ ዘንድሮ የተከተበው መንደር በዓመቱ ያልተከተቡ ቡችሎች ይሞሉታል። ስለዚህ ክትባቱ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ ዘመቻ ሳይሆን በየዓመቱ የሚደገም ሥራ ነው።

ከ2003ቱ ወረርሽኝ በኋላ የተሠራው ስሌት እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር ገለጠ። ዓላማችን አንድም ቀይ ቀበሮ እንዳይሞት ማድረግ ከሆነ ሥራው ከአቅም በላይ ነው፤ ዓላማችን ዝርያው ከአካባቢው ጨርሶ እንዳይጠፋ ማድረግ ከሆነ ግን ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን፣ ይልቁንም አንዱን ሸለቆ ከሌላው በሚያገናኙት ጠባብ መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን መከተብ በእጅጉ ይረዳል። በሽታው አንዱን ሸለቆ ሊጎዳ ይችላል፣ ወደ ሁለተኛው የመሻገር ዕድሉ ግን ይቀንሳል። በ2018 ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ የአፍ ክትባት በሥራ ላይ ዋለ፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱን ቀይ ቀበሮ በወጥመድ ይዞ በመርፌ መውጋት ያስፈልግ ነበር። ውሾቹን በመከተብ የእረኛው ልጅና ከብቱም ከዚያው ክፉ በሽታ ይጠበቃሉ፤ በስብሰባ ላይ ስለ ብርቅዬ እንስሳ ክብር ከሚነገረው ሁሉ ይልቅ ባለቤቱ ውሻውን ይዞ እንዲመጣ የሚያደርገው ይህ ነው።

ሁለተኛው የቀይ ቀበሮ ችግር መሬት ነው። የባሌው ቀይ ቀበሮ ከሚበላው አብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው፤ ከሁሉም አብልጦ የሚሻው ትልቁ የባሌ ፍልፈል ራሱ ከባሌ ውጭ የማይገኝ፣ ራሱም ሥጋት ያለበት ዝርያ ነው። ፍልፈሉ የሚኖረው ሣሩና አፈሩ ሲኖር ነው። ስለዚህ «ለቀይ ቀበሮ» ብለን የምንመድበው ገንዘብ ተዘርዝሮ ሲታይ የውሻ ክትባትና የሣር መሬት ጥበቃ ሆኖ ይገኛል። የፍልፈልን ፎቶግራፍ በቀን መቁጠሪያ ላይ አትሞ የሚሸጥ እስካሁን አላየሁም።

ስለ ሣር ካነሣሁ መንዝን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የጓሳ አካባቢ ነዋሪ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ በሚነገርለት የቀሮ ሥርዓት መሬቱን ለዓመታት ዘግቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ተስማምቶ ከፍቶ ሣሩን ያጭድ ነበር። የፈለጉት ጓሳ የሚባለውን ሣር ነው፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ። ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ጭላዳ ማንም ሕግ አላወጣም፤ ሣሩ ሲጠበቅ ግን ሁለቱም ተጠበቁ። በ1975 የመሬት አዋጅ ሲወጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ቦታውም ተጎዳ፤ በኋላ ግን ማኅበረሰቡ ራሱ በአዲስ መልክ ተደራጅቶ ጥብቅ ሥፍራው አድርጎታል። ቀይ ቀበሮ ዛሬም በጓሳ አለ። በሥርዓቱ ውስጥ ማን ምን እንዳገኘ፣ ማን እንደተከለከለ መጠየቅ ተገቢ ቢሆንም፣ ከአዲስ አበባ ተነድፎ ከሚላክ ዕቅድ ይልቅ የዚህ ዓይነቱ ስምምነት መንግሥት ሲለወጥ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ እንደሆነ አምናለሁ።

መንግሥት ሲለወጥ ያልሁት እንዲሁ አይደለም። በ1991 ሥርዓት ሲለወጥ በባሌ የደጋ አጋዘኑ፣ በሰንቀሌ ጥብቅ ሥፍራ ደግሞ የስዌይን ቆርኬው በጥቂት ጊዜ ውስጥ በብዛት ተገድለዋል። ሕዝቡ ፓርኩን የመንግሥት ንብረት ብቻ አድርጎ ያየው ነበርና፣ መንግሥቱ ሲወድቅ ንብረቱም ባለቤት አጣ። አንድ ሥራ «ይሳካል ወይ» ብለን ስንገምት ዋናው የምንገምተው ይህንን ነው።

የዋልያ ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 ሲቋቋም የዋልያው ቁጥር ወደ 150 ገደማ ወርዶ ነበር። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች አንዱ ሆነ፤ በ1996 ወደ አደጋ መዝገብ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። በዚህ መካከል የዋልያው ቁጥር አንሠራርቶ ስለነበር ቀይ መዝገብም በ2020 አንድ እርከን ዝቅ አድርጎ ሥጋቱን አቃለለው። ይህ የጥበቃ ድል ነው። ከዚያ ወዲህ ግን አካባቢው በጦርነትና በግጭት ሲታመስ፣ ጎብኚ ሲቀር፣ ጠባቂው በቦታው መቆየት ሲያቅተው ቁጥሩ እንደገና አሽቆልቁሏል። ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር እንዲነሡ የተደረጉትን ሰዎች ጉዳይም ሳልጠቅስ ባልፍ ለተማሪዎችዎ እውነቱን አጎድልባቸዋለሁ፤ የዋልያው ማንሠራራት በከፊል የተከፈለው ቀዬአቸውን በለቀቁ ገበሬዎች ነው፤ ያ ሒሳብ በጥበቃ ዘገባዎች ላይ በወጪነት አይመዘገብም።

ዋልያ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል፣ ያለው በአንድ ተራራ ላይ ብቻ ነው፤ በየትኛውም አገር የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ተጠባባቂ መንጋ የለውም፤ ከፍየል የሚሻገር አንድ ክፉ በሽታ ቢገባ መሸሻ የለውም። በሌላ በኩል ባለ ብዙ ወዳጅ ነው። ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በስሙ ይጠራል፤ ጎብኚው ሊያየው ተራራ ይወጣል፤ ለጋሹ ስሙን ሰምቶ ገንዘብ ይሰጣል። ባልደረቦቼ አንዳንድ ጊዜ «ለቆንጆ እንስሳ ብቻ ገንዘብ ይሰጣል» ብለው ያማርራሉ። ምሬታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ለዋልያ የሚመጣው ገንዘብ ለዋልያ ባይመጣ ኖሮ ለእንቁራሪት ይመጣ ነበር ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ጭራሽ አይመጣም ነበር። በዋልያ ስም በመጣ ገንዘብ የሚጠበቀው ተራራ ጅብራውንም፣ ጭላዳውንም፣ በተራራው ላይ ያሉትን ቀይ ቀበሮዎችም ይይዛል።

አሁን ስሟን እንኳ ወደማናውቃት ወፍ ልለፍ። በነገሌ ቦረና አቅራቢያ ባለው የሊበን ሜዳ የምትኖር፣ ቡናማ፣ ትንሽ፣ ረጅም እግር ያላት፣ በሣር ውስጥ ተሸሽጋ የምትሮጥ ወፍ ናት። ለሳይንስ የታወቀችው በ1968 ነው። ቁጥሯ እጅግ ከማነሱ የተነሣ፣ በአፍሪካ ዋና ምድር በዘመናችን ስትጠፋ የሚመዘገብባት የመጀመሪያዋ ወፍ ልትሆን ትችላለች ተብሎ ተጽፎላታል። በኋላ በጅግጅጋ አቅጣጫ ጥቂቶች ሲገኙ፣ ቀድሞ በሶማሌላንድ ከተመዘገበች ሌላ ወፍ ጋር አንድ ዝርያ ናት ተባለ። እዚህ ላይ ለተማሪዎችዎ የሚጠቅም ነጥብ አለ፤ ሁለት ዝርያ የነበረው በወረቀት ላይ አንድ ሲሆን፣ ሜዳው ላይ ያለው ሣር ሳይጨምር፣ ወፏም ሳትበዛ፣ የቅደም ተከተል ሰንጠረዡ ይለወጣል። ዋልያንም ራሱን የቻለ ዝርያ ነው የሚሉ አሉ፣ የሌላ ዝርያ ንዑስ ዘር ነው የሚሉም አሉ። ውሳኔያችንን ሁሉ በስም አሰጣጥ ላይ ማንጠልጠል የማይበጀውም ስለዚህ ነው።

ወፏን ያመነመናት ምክንያት ጥርት ብሎ ይታወቃል። ቦረናዎች ጥንት ሜዳውን በየጊዜው በእሳት እያጸዱ ቁጥቋጦ እንዳይወርረው ያደርጉ ነበር፤ በ1970ዎቹ እሳት ሲከለከል እሾሃማው ቁጥቋጦ ሜዳውን እየዋጠ ሄደ። በተረፈው ሣር ላይ ከብቱ በዛበት፤ ከጠርዙም እርሻ እየገፋ ገባ። አጭር ሆኖ በተጋጠ ሣር ውስጥ ወፏ ጎጆዋን የምትሸሽግበት የላትም። ስለዚህ የወፏ ችግርና የአርብቶ አደሩ ችግር አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ሁለቱም ያጡት ሣሩን ነው።

መፍትሔውም በቦረና ባህል ውስጥ የነበረ ነው። ካሎ ይሉታል፤ ለደካማና ለጥጃ ለበጋ የሚሆን ሣር እንዲያድግ ማኅበረሰቡ ተስማምቶ የሚከልለው መሬት ነው። በሊበን ሜዳ ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ካሎ በተከለለባቸው ቦታዎች ሣሩ በአጭር ጊዜ ተመልሶ ማደግ ችሏል። ወጪው የምንጠራ የቀን ሥራና አጥር ነው። ከሄሊኮፕተር፣ ከላቦራቶሪ፣ ከማራቢያ ጣቢያ ጋር ሲነጻጸር የዚህ ወጪ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

የማራቢያ ጣቢያን ካነሣሁ፣ የዓረብን ኦሪክስ ታሪክ ባጭሩ ላውሳ። በ1972 በኦማን የመጨረሻው የዱር ኦሪክስ ተገደለ። አስቀድሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ፊኒክስ ከተማ ጥቂት እንስሳት ተሰብስበው እየተዋለዱ ስለነበር፣ በ1982 ዘሮቻቸው ወደ ኦማን በረሃ ተመለሱ። ቁጥራቸውም በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ400 በላይ ደረሰ። ከዚያ ሕገ ወጥ አጥማጆች ተመልሰው መጡ፤ መንጋው ወደ 65 ወረደ፤ የተጠበቀውም መሬት በእጅጉ ተቀነሰ፤ በ2007 ሥፍራው ከዓለም ቅርስ መዝገብ የተሰረዘ የመጀመሪያው ሆነ። ዝርያው በሌሎች የዓረብ አገሮች በተደረገ ሥራ በርትቶ በ2011 የሥጋት እርከኑ ተቃለለ፤ ይህ መካድ የለበትም። ነገር ግን በኦማን የሆነው፣ እንስሳውን መልሶ መንስኤውን በቦታው የተወ ሥራ የት እንደሚደርስ ያሳያል።

ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትን ስሌት ጠይቀዋልና በቁጥር ላሳይዎት። የኒውዚላንድ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የሚሠራበትና በ2009 በጥናት የታተመው ዘዴ ባጭሩ ይህን ይላል፤ ሥራው ቢሳካ ዝርያው የመትረፍ ዕድሉ በስንት ይጨምራል፣ ሥራው የመሳካት ዕድሉስ ስንት ነው፣ ሁለቱን አባዝተህ ለወጪው አካፍል። ለምሳሌ ያህል፣ እኔ የፈጠርኋቸውን ቁጥሮች ልጠቀም። አንዱ ሥራ 10 ሚሊዮን ብር ያስወጣል፤ ቢሳካ የመትረፍ ዕድልን ከ20 ወደ 30 በመቶ ያሳድጋል፤ የመሳካት ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ሌላው 2 ሚሊዮን ብር ያስወጣል፤ ከ40 ወደ 80 በመቶ ያሳድጋል፤ የመሳካት ዕድሉ 70 በመቶ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ሚሊዮን ብር ግማሽ ነጥብ ያስገኛል፤ ሁለተኛው 14 ነጥብ። ልዩነቱ 28 እጥፍ ነው፤ «በጣም አደጋ ላይ ያለው ይቅደም» ብንል ግን የምንመርጠው የመጀመሪያውን ነበር። በዚህ ላይ ዝርያው ቅርብ ዘመድ ከሌለው፣ ወይም ሌሎች ብዙ ዝርያዎች የተንጠለጠሉበት ከሆነ ክብደት ይጨመርለታል።

ስሌቱ ጨካኝ እንደሚመስል አውቃለሁ፤ ከባልደረቦቼም የሚቃወሙት አሉ፣ ተቃውሟቸውም መሠረት አለው። በዚያው በኒውዚላንድ በቻተም ደሴቶች የምትኖር አንዲት ጥቁር ወፍ በ1980 አምስት ብቻ ቀርታ ነበር፤ ከአምስቱ እንቁላል ጥላ የምታስፈለፍለው አንዲት ብቻ ነበረች። ማንኛውም ስሌት «ተዋት» ይል ነበር። ጥቂት ሰዎች እንቁላሏን ለሌላ ወፍ እያስታቀፉ አተረፏት፤ ዛሬ ከ200 በላይ ናቸው። ልብ ይበሉ፣ እዚያም ቢሆን የሠራው ምክንያቱ የታወቀ፣ ዘዴው ርካሽ፣ ሠራተኛው በቦታው ያለ ሆኖ ነው። በኬንያ ኦል ፔጄታ የቀሩት ሁለት ሰሜናዊ ነጭ አውራሪሶች ሁለቱም ሴት ናቸው፤ የመጨረሻው ወንድ በመጋቢት 2018 ሞቷል። በቤተ ሙከራ ፅንስ ለመፍጠር የሚደረገውን ጥረት አልነቅፍም፤ ከመንግሥት በጀት ይከፈል ቢባል ግን እቃወማለሁ።

አንድ ነገር ስሌቱ ውስጥ መግባት ይገባዋል ባይ ነኝ። የምሥራቅ አፍሪካ ጥቁር አውራሪስ ከአገራችን መጥፋቱ ለእኛ ትልቅ ጉዳት ነው፤ በኬንያ ግን አለ። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ትልቁ የባሌ ፍልፈል ከኢትዮጵያ ጠፉ ማለት ግን ከዓለም ጠፉ ማለት ነው። የአንድ አገር የጥበቃ በጀት በቅድሚያ መሄድ ያለበት ሌላ ማንም ሊተካ ወደማይችለው ነው። ከብርቅዬ አጥቢዎቻችን ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ አይጥና አይጥ መሰል ትንንሽ እንስሳት መሆናቸው ከመማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎች አይታወቅም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ምን እንደሚሠራ የማይታወቅለት ዝርያ አለ። በ1990 በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ላይ ሞታ ከተገኘች አንዲት በምሽት የምትበርር ወፍ አንድ ክንፍ ተወሰደ፤ በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ተሰየመች። ሳይንሳዊ ስሟም በላቲን «ብቸኛ ክንፍ» እንደማለት ነው። ለእርሷ ገንዘብ መድቡ ብባል ለፍለጋ የሚሆን ትንሽ እሰጣለሁ እንጂ ለጥበቃ አልመድብም፤ ምክንያቷን ሳናውቅ ምኑን እናስቆማለን?

ተማሪዎ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሺ፣ ግን አንዱን ምረጥ» ማለቱ አይቀርም፤ መብቱም ነው። የተመደበው ገንዘብ አዲስና ትንሽ ከሆነ የመጀመሪያውን ብር ለሊበን ሜዳ ካሎ እሰጣለሁ። ምክንያቱ ይታወቃል፣ ሥራው ርካሽ ነው፣ አርብቶ አደሩ ለራሱ ከብት ሲል ይፈልገዋል፣ ለዚያች ወፍ ተጨማሪ የሚከፍል ሰው ደግሞ እምብዛም የለም። ለቀይ ቀበሮ ከ1995 ጀምሮ ያለማቋረጥ የሚሠራ ፕሮግራም ስላለ፣ የእኔ ብር እዚያ ሲጨመር የሚያመጣው ለውጥ ያንሳል፤ አስቀድሞ የተያዘው የክትባት ገንዘብ ግን አንድ ዓመት እንኳ መቋረጥ የለበትም፤ ቢቋረጥ ከላይ የጠቀስሁት የሦስት አራተኛ እልቂት ሊደገም ይችላልና ከካሎውም ይቀድማል። ለዋልያ አሁን የሚያስፈልገው አዲስ ፕሮጀክት ሳይሆን ጠባቂዎቹ ደመወዛቸውን በወቅቱ አግኝተው፣ በሰላም ወደ ገደሉ ወጥተው መቁጠር መቻላቸው ነው፤ ይህን ደግሞ ገንዘብ ብቻውን አያመጣውም።

ክፍል ውስጥ ሊሞክሩት ቢፈልጉ፣ ተማሪዎቹ በየአካባቢያቸው እየተመናመነ ያለ አንድ እንስሳ ወይም ዛፍ መርጠው አራት ነገር ብቻ ከአያቶቻቸው ጠይቀው እንዲመጡ ያድርጉ፤ ድሮ የት የት ይታይ ነበር፣ መቼ መቀነስ ጀመረ፣ ያኔ በመሬቱ ላይ ምን ተለወጠ፣ ያንን ለመመለስ የሚስማማውና የሚቃወመው ማን ነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሮቹን ራሳቸው ገምተው ስሌቱን ይሥሩት። ግምታቸው የሚለያይበትን ቦታ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ያስቀምጡት፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለያዩት በአራተኛው ጥያቄ ላይ ነው።